መሸኛው የተጻፈው ከግብር ውሳኔው በኋላ ነው፤ ውሳኔው ይጸናል?

አምፑል ሻጩ · ጥር 14 ቀን 2015
ሰላም ለዚህ ቤት። እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ዘንድሮ ከተራን ያሳለፍኩት የግብር ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ሰው ሆ ሲል እኔ በልቤ እደምራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጎንደር መሀል ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ነበረኝ። ግለሰብ ነጋዴ ነኝ፣ ደረጃ ለ። የ2013ን ግብር ነሐሴ 2013 ላይ በጊዜው አሳውቄ 32,150 ብር ከፍያለሁ። ደረሰኙ አለ። ጥቅምት 2014 ላይ አከራዬ ኪራዩን ሲሰቅልብኝ ሱቄን ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ወሰድኩ። አድራሻ መቀየሬን በ2 ሳምንት ውስጥ ለነበርኩበት የግብር ቢሮ በደብዳቤ አሳወቅሁ። የገቢ ማኅተም የተመታበት ቅጂ በእጄ ነው። «ፋይልህን እኛው እንልከዋለን፣ አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ሄድኩ፣ ሠራሁ።

ባለፈው ሰኞ፣ ጥር 8፣ የአዲሱ ክፍለ ከተማ ግብር ቢሮ ጠርቶ ደብዳቤ ሰጠኝ። «የ2013 የንግድ ሥራ ገቢዎን ባለማሳወቅዎ ግብሩ በግምት ተወስኗል» ይላል። ፍሬ ግብር 148,600፣ መቀጫ 37,150፣ ድምር 185,750 ብር። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አሮጌው ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደግ ናት፣ የመሸኛውን፣ ማለትም ፋይሌ ወደ አዲሱ ቢሮ የተላከበትን ደብዳቤ፣ ቅጂ አወጣችልኝ። የውሳኔው ቀን ታኅሣሥ 25 ነው። የመሸኛው ቀን ጥር 4። ማለትም እኔ ላይ ሲወሰን ፋይሌ ገና አሮጌው ቢሮ መደርደሪያ ላይ ነበር። ደግሞ መሸኛው ላይ የፈረመው ኃላፊው አይደለም። ከስሙ ፊት «ለ» ተብሎ ሌላ ሰው ሞንጭሮበታል።

ጥያቄዬ፦ መዝገቤ በደንቡ ሳይዛወርለት የወሰነው ቢሮ ሥልጣን አለው ወይ? ውሳኔው ከመነሻው ፉርሽ አይደለም? ጎረቤቴ «ዝም በል፣ መልስ ከሰጠህ ተቀበልካቸው ማለት ነው» ይለኛል።

የአዘዞ ሹፌር · ጥር 14
ጎረቤትህ ልክ ነው። የደባርቅ ትራፊክ አዘዞ መጥቶ ቢከሰኝ እከፍላለሁ? አልከፍልም። ሥልጣን የሌለው ሰው የጻፈው ወረቀት ስኳር መጠቅለያ ነው።

ነገረ ፈጅ · ጥር 14
አምፑል ሻጩ፣ ጎረቤትህን ቡና ጋብዘው እንጂ ምክሩን አትስማ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁጠር። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 የቅሬታ ማመልከቻ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ነው። አንተ የክልል ግብር ከፋይ ስለሆንክ የምትዳኘው በክልሉ አዋጅ ነው። እሱም የፌዴራሉን አካሄድ የተከተለ ነው፤ ቢሆንም የደብዳቤህን ግርጌ አንብብና ቀኑን አረጋግጥ። ከጥር 8 ከተቆጠረ ጥር 29 ያልቅብሃል። ዝም ብለህ ብታሳልፈው «ሥልጣን አልነበራቸውም» የምትልበት መድረክ ራሱ ይዘጋል። መልስ መስጠት መቀበል አይደለም። መቀበል የሚሆነው ዝምታው ነው።

አሁን ወደ ሥልጣኑ። ሁለት ዓይነት ጉድለት አለ፣ ሰው ሁልጊዜ ይቀላቅላቸዋል። አንዱ ወሳኙ አካል ነገሩን ለመወሰን ጨርሶ ሕግ ያልሰጠው ሲሆን ነው። ሌላው ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ሰጥቶት፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን የተሳሳተው ጠረጴዛ ሲወስን ነው። ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 9 ስለ ሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም በጉዳዩ ዓይነት ላይ ስላለ ሥልጣን ነው፤ ይህን ተቃውሞ በማንኛውም ጊዜ ብታነሳ ይሰማል። አንቀጽ 10 የአካባቢ ሥልጣን ነው፤ እሱን በጊዜው ካላነሳህ አለፈ። ብታነሳውም እንኳ ፍትሕ ካልተጓደለ በስተቀር ፍርድ በእሱ ብቻ አይሻርም። ይህ ሕግ የግብር ቢሮን በቀጥታ አይገዛም፤ ዳኛ የሚያስበው ግን በዚህ መንገድ ነው።

የአንተ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። አዋጁ ግብር እንዲያሰላ ሥልጣን የሰጠው «ለባለሥልጣኑ» ነው። ለዚህ ክፍለ ከተማ ወይም ለዚያ ጽሕፈት ቤት አይልም። ክፍለ ከተሞቹ የአንድ ቤት ክፍሎች ናቸው።

የአዘዞ ሹፌር · ጥር 14
እና ለደባርቁ ትራፊክ ልክፈል ነው የምትለኝ?

ነገረ ፈጅ · ጥር 14
ለደባርቁም ለአዘዞውም ደንቡ አንድ ነው። ቀይ መብራት ጥሰህ ከሆነ ክፈል።

ሒሳብ ሠሪዋ · ጥር 15
እኔ ሥልጣኑን ለናንተ ትቼ ቁጥሩን ላየው። አምፑል ሻጩ፣ ወንድሜ፣ የዚያ ዓመት ሽያጭህ ስንት ነበር?

አምፑል ሻጩ · ጥር 15
912,000 አካባቢ።

ሒሳብ ሠሪዋ · ጥር 15
በል ተመልከት። በ2013 በነበረው ሕግ በዓመት ከ130,800 ብር በላይ የሆነ የግለሰብ ነጋዴ ትርፍ በ35 በመቶ ተባዝቶ 18,000 ይቀነስለት ነበር። ወደ ኋላ እንሂድ። 148,600 ላይ 18,000 ደምር፣ 166,600። ለ0.35 ስታካፍለው 476,000 ይመጣል። ትርፍ መሆኑ ነው! ከ912,000 ብር ሽያጭ 476,000 ትርፍ ማለት በየ100 ብሩ 52 ብር ኪስህ ገባ ማለት ነው። አምፑል ሸጦ 52 ብር የሚያተርፍ ካለ እኔም ሒሳቡን ትቼ አምፑል ልሽጥ።

አንተ የከፈልከውን በዚያው መንገድ ስሠራው ትርፍህ 143,000 ብር ግድም ነው፣ ከመቶው 16 ብር እንኳ አይሞላም። ለችርቻሮ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያስኬዳል።

የመቀጫውም ምንጭ ታወቀኝ። ባለማሳወቅ በየወሩ 5 በመቶ ነው፣ ጣሪያው 25። የ148,600 ሩብ ስንት ነው? 37,150። በትክክል። ስለዚህ የአዲሱ ቢሮ ሰው አልተሳሳተም እኮ። እሱ ፊት ያለው ኮምፒውተር «ይህ ሰው አላሳወቀም» ብሎታል። ለምን? ማሳወቂያህ ያለው አሮጌው ቢሮ ፋይል ውስጥ ነዋ።

ነገረ ፈጅ · ጥር 15
እህቴ፣ ክርክሩን አንቺ አገኘሽው። እኔ ስለ ወንበሩ ሳወራ አንቺ የተቀመጠበትን ሰው አየሽ።

በግምት ማስላት የሚፈቀደው ግብር ከፋዩ ሳያሳውቅ ሲቀር ነው። አሳውቆ ከሆነና ቢሮው ካላመነበት መንገዱ ሌላ ነው፤ የተሻሻለ ስሌት ይባላል። ያሳወቅከውን ይዞ፣ ይህን ይህን አልተቀበልኩም ብሎ፣ ምክንያቱን ጽፎ ነው የሚያሻሽለው። ለዚያም ካሳወቅክበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት አለው፣ ማጭበርበር ከሌለ በቀር። ስለዚህ የእነሱ ደብዳቤ የቆመበት እግር «አላሳወቀም» የሚለው ብቻ ነው። የነሐሴ 2013 ደረሰኝህ ያንን እግር ይቆርጠዋል።

ጡረተኛው · ጥር 16
ልጆች፣ ግብር ቢሮ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። ስለ መሸኛ ትንሽ ላውጋችሁ።

በእኛ ጊዜ ፋይል ሲዛወር ወረቀቱ ሁሉ ገጽ በገጽ ቁጥር ይሰጠዋል። በፊቱ ላይ ዝርዝር ይለጠፋል፦ የመጨረሻ የተከፈለ ግብር ስንት፣ ያልተከፈለ ዕዳ ስንት፣ ኦዲት የተደረገበት ዓመት የቱ፣ ያልተቋጨ ቅሬታ አለ ወይስ የለም። ላኪው ይፈርማል፣ ተቀባዩ ቆጥሮ ይፈርማል። ተቀባዩ ሳይፈርም ፋይሉ የላኪው ነው። አንዳንዱ ተላላኪ ፋይል በማዳበሪያ አሥሮ ባጃጅ ላይ ጭኖ ይልከው ነበር። አንድ ጊዜ በክረምት አንዱ ማዳበሪያ ረጥቦ ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ ወረቀት በገመድ አስጥተናል፤ የሰው ደረሰኝ እንደ በርበሬ።

አሁን ኮምፒውተር አለ ይባላል። የመለያ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሰዎቹ የሰውየውን ስም በአዲሱ ቢሮ ሥር ቶሎ ያዛውሩታል። ወረቀቱ ግን ወራት ይቆያል። በመሀል ያለው ክፍተት ነው ሰው የሚበላው። አንተ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

«ለ» ተብሎ የተፈረመውን ግን ተወው ልጄ። ውክልና ከነበረው ያስኬዳል፣ እሱን ተከትለህ ብዙ ቀን ታባክናለህ። አንተ ከመሸኛው ጋር የተያያዘውን ዝርዝር ጠይቅ። የ2013 ማሳወቂያህ በዝርዝሩ ላይ ካለ፣ «አላሳወቀም» ያለህን ቢሮ ወንድም ቢሮው መሰከረበት ማለት ነው።

አምፑል ሻጩ · ጥር 16
አባቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

የማራኪው · ጥር 16
እኔ ማስተርሴን ህንድ ነው የተማርኩት፣ የታክስ ሕግ። እዚያ ይህ ጥያቄ የቆየ ጠብ ስለሆነ ባካፍላችሁ።

እኔ ስማር በሥራ ላይ የነበረው በፈረንጅ የ1961 የህንድ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 127 መዝገብ ከአንዱ መርማሪ ወደ ሌላው የሚዛወርበትን መንገድ ይደነግጋል። ዝውውሩን የሚያዝዘው የበላይ ኃላፊ ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራል፣ በተቻለ መጠንም ግብር ከፋዩን ይሰማል። በ1975 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጃንታ ኢንዱስትሪስ በተባለው ጉዳይ ከኔሎር ወደ ሃይደራባድ የተላከን መዝገብ ዝውውር ሽሮታል። ለምን? ምክንያቱ ለግብር ከፋዩ አልተነገረውም። «ፋይሉ ውስጥ ምክንያት አለ» ማለት አይበቃም አለ ፍርድ ቤቱ፤ ሰውየው ካላወቀው በምን ይሟገታል?

ስለዚህ ነገረ ፈጅ «የአንድ ቤት ክፍሎች ናቸው» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። ዝውውር ቀላል ነገር አይደለም። የጎንደር ሰው ግብር ባሕር ዳር ቢወሰን፣ ለእያንዳንዱ ወረቀት ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የተዘጋ ሱቅ አለ።

ነገረ ፈጅ · ጥር 17
ጥሩ ነጥብ። ግን ያንኑ ሕግ ጨርሰው። ዝውውሩ በአንድ ከተማ ውስጥ ከሆነስ?

የማራኪው · ጥር 17
ያዝከኝ። በአንድ ከተማ ወይም በአንድ አካባቢ ውስጥ ከሆነ የመስማት ግዴታ የለም። ሌላም አለ፤ አንቀጽ 124 የወሳኙን ሥልጣን የሚቃወም በአንድ ወር ግድም ውስጥ ካልተቃወመ በኋላ አይሰማም ይላል። ስለዚህ አምፑል ሻጩ ህንድ ውስጥ ቢሆንም በዝውውሩ ብቻ አያሸንፍም ነበር። መርሁ ግን መርህ ነው! እኛስ አገር ምክንያት ሳይነገር ማዛወር ለምን ይፈቀዳል?

ነገረ ፈጅ · ጥር 17
የፌዴራሉ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት ይሁን ብሏል። ግን የተጻፈው ለፌዴራል ተቋማት ነው። ክልል ላይ ይዘኸው ብትቀርብ «ለኛ አልወጣም» ይሉሃል።

ደግሞ አንድ መራራ ነገር ልንገራችሁ። አዋጅ 983 ውስጥ ስለ ጉድለት የሚናገር ድንጋጌ አለ። የታክስ ስሌት ማስታወቂያ በፎርም ጉድለት አይሻርም፤ ስሕተት ወይም ግድፈት ቢኖርበትም፣ በይዘቱ ከሕጉ ዓላማ ጋር ከተስማማና ለማን እንደተጻፈ ከታወቀ ይጸናል ይላል። የቀን መዛነፍ፣ የፊርማ «ለ»፣ የመሸኛ መዘግየት ሁሉ እዚያ ወንፊት ላይ ቀርቶ ይጣላል። ስለዚህ ነው ደንበኞቼን «ሥልጣን፣ ሥልጣን» እያሉ አምስት ገጽ እንዳይጽፉ የምለምናቸው። ወንፊቱን የሚያልፈው «በይዘቱ» የምትለዋ ቃል ናት። ያሳወቀን ሰው አላሳወቀም ብሎ መገመት የፎርም ስሕተት አይደለም።

ቆሎ ነጋዴዋ · ጥር 17
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔና እህቴ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልናቋቁም ነው። ያኔስ የትኛው ነው የሚወስንብን፣ የክልሉ ወይስ የፌዴራሉ?

ነገረ ፈጅ · ጥር 17
ባጭሩ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። በአንቀጽ 98 የድርጅት ትርፍና የባለአክሲዮን ትርፍ ድርሻ ግብር የጋራ ነው። እውነተኛ የሥልጣን ክርክር የሚነሳው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። አንድ ግለሰብ ነጋዴ ላይ የውክልና ሥልጣን የሌለው የፌዴራል ቢሮ ቢወስን፣ እሱ የአንድ ቤት ሌላ ክፍል አይደለም፣ የጎረቤት ቤት ነው። ያኔ የሹፌሩን ስኳር መጠቅለያ እደግፋለሁ። ዝርዝሩን ሌላ ክር ከፍተሽ ጠይቂኝ።

የአዘዞ ሹፌር · ጥር 17
አመሰግናለሁ። ጠበቃ ደገፈኝ ብዬ ለተሳፋሪ ሁሉ እነግራለሁ።

አምፑል ሻጩ · ጥር 18
ሄድኩ። ዝርዝሩን አገኘሁ! ሁለት ገጽ ነው። ተራ ቁጥር 11 ላይ በእስክሪብቶ «የ2013 በጀት ዓመት ግብር ማሳወቂያ ከአባሪ ጋር፣ 9 ገጽ» ይላል። የኔው ማሳወቂያ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት።

አሁን ቅሬታውን እንዴት ላስቀምጠው? ጽሑፍ አልችልም።

ነገረ ፈጅ · ጥር 18
ከሁለት ገጽ አይብለጥ። መጀመሪያ ላይ በአንድ አንቀጽ ብቻ፦ ውሳኔው በታኅሣሥ 25 ሲሰጥ መዝገቡ ለወሳኙ ጽሕፈት ቤት አልተላለፈም፣ መሸኛው የጥር 4 ነው፣ ስለዚህ የሥልጣን ተቃውሞዬን አስመዘግባለሁ በል። በቃ። በኋላ ይግባኝ ላይ «አላነሳህም» እንዳትባል ነው እንጂ ሕንጻህን በእሱ ላይ አትሥራ።

ቀጥለህ ዋናውን፦ አሳውቄያለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው፣ የመሸኛው ዝርዝር ተራ ቁጥር 11 ይኸው፣ ስለዚህ በግምት ለማስላት ሕጋዊ መነሻ የለም፣ መቀጫውም አብሮ ይወድቃል። ከዚያ የሒሳብ ሠሪዋን 52 ብር ጨምርበት። ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ አንተ ላይ ነውና፣ «ቢሮው ያስረዳ» እያልክ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። የግዢ ደረሰኞችህን በሙሉ ኮፒ አድርግ።

ሒሳብ ሠሪዋ · ጥር 18
የከፈልከው 32,150 ይቀነስልኝ ብለህም ጻፍ፤ ደብዳቤያቸው ውስጥ ጭራሽ አልታየም። ይግባኝ ድረስ ከሄደ ደግሞ ገንዘብ ይያዛል። በፌዴራሉ ሕግ የግብር ይግባኝ ኮሚሽኑ ጋ ለመግባት ክርክር ካለበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ግድ ነው። 148,600 ላይ 32,150 ሲነሳ 116,450፣ ግማሹ 58,225። ፍርድ ቤት ከደረሰ 75 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ቅሬታው ላይ ጨርሰው፣ እዚያ ማስያዣ የለም።

ጡረተኛው · ጥር 19
ስታስገባ ሁለት ኮፒ ያዝ። አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና የተቀባዩ ስም ይጻፍበት። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» ካሉህ አታስቀምጥ።

አምፑል ሻጩ · ጥር 26
አስገባሁ። አባቴ እንዳሉት «አስቀምጠው» አሉኝ። አላስቀመጥኩም። ማኅተሟ ተኝታ ስለነበር ሁለት ሰዓት ጠበቅኳት።

የአዘዞ ሹፌር · መጋቢት 20
ሰውየው ታሰረ ወይስ ምን ሆነ?

አምፑል ሻጩ · ሐምሌ 9
ይቅርታ ጠፋሁ። ሱቅ፣ ልጅ፣ መብራት ጥፋት። ውጤቱ ይኸውላችሁ።

የሥልጣን ተቃውሞዬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ወደቀ። «ጽሕፈት ቤቶቹ የአንድ ተቋም አካላት በመሆናቸው ተቃውሞው ተቀባይነት የለውም» ይላል። ነገረ ፈጅ፣ ቃሉን ከአንተ የሰረቁት ነው የመሰለኝ። የሚቀጥለው አንቀጽ ግን ጣፋጭ ነው። ግብር ከፋዩ ማሳወቁ ከመሸኛው አባሪ የተረጋገጠ ስለሆነ በግምት የተሰላው ግብርና መቀጫው ተሽሮ፣ ማሳወቂያው እንደገና ይመርመር አለ።

መረመሩት። የ18,000 ብር ወጪ ደረሰኝ አላገኘሁለትም፣ የአንድ ወጣት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፣ በእጅ እሰጠው ነበር። በ35 በመቶ 6,300 ብር ጨመሩብኝ። ከፈልኩ። ለእሱማ ጥፋቱ የኔው ነው።

ጎረቤቴ አሁንም «ዝም ብትል ኖሮ 6,300ውንም አትከፍልም ነበር» ይላል።

ሒሳብ ሠሪዋ · ሐምሌ 9
እሰይ! ሠራተኛውን ከአሁን በኋላ በፔይሮል አድርገው፣ በእጅ ይቅር።

የማራኪው · ሐምሌ 10
እኔ ግን አሁንም መጀመሪያ ላይ ምክንያቱ ሊነገርህ ይገባ ነበር ባይ ነኝ። ዝርዝሩን ያገኘኸው መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደግ ስለሆነች ነው እንጂ መብትህ ነው ተብሎ አይደለም።

ነገረ ፈጅ · ሐምሌ 10
እሱስ እውነት ነው። ይህችን አልከራከርህም።

ጡረተኛው · ሐምሌ 10
ልጄ፣ ንግድ ፈቃድ ማደሻ ደርሷል። ክሊራንሱን የትኛው ቢሮ ሰጠህ?

አምፑል ሻጩ · ሐምሌ 11
አዲሱ «ከአሮጌው ዕዳ እንደሌለብህ አምጣ» አለኝ። አሮጌው «ስምህ እኛ ጋ የለም፣ ለሌለ ሰው ክሊራንስ አንጽፍም» አለኝ። ነገ ተራ ቁጥር 11ን ይዤ እሄዳለሁ።